ምዕራፍ ሰባት፦ የሰው ዕቃ ሻጮች

በ2005 (በዚህ ምዕራፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) «ዘ ፎርቲ ይር ኦልድ ቨርጂን» የተባለ የአሜሪካ ኮሜዲ ፊልም ወጥቶ ነበር። ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት ሱቅ አላት፤ ሥራዋ የሰው ዕቃ ተቀብሎ ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ሐራጅ መሸጥ ነው። አንድ ቀን አንድ ወጣት ይገባና መደርደሪያው ላይ የተቀመጠ፣ ተረከዙ ውስጥ ዓሣ የሚታይበት ጫማ ያያል። ልግዛው ይላል። አይቻልም ትለዋለች። ጫማው የሚሸጠው በኢንተርኔት ስለሆነ፣ ከፈለገ ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩን ከፍቶ እንደማንም ይጫረት። ልጁ ይህን ነገር ሊረዳው አይችልም። ጫማው አለ፣ ገንዘቡ አለ፣ ሻጯም ፊቱ ቆማለች፤ ምን ጎደለ?

ተመልካች ይስቅበታል እንጂ ጥያቄው ተገቢ ነው። ማንኛውም ሱቅ የሚከፈተው ገዢ በደጁ እንዲገባ ነው። በዚህ ሱቅ ደጅ የሚገባው ግን ባለ ዕቃው ነው፤ ገዢው ቴክሳስ ወይም ጃፓን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ባለሱቋ ጫማውን እዚያው ለልጁ ብትሰጠው ዕቃውን ያመጣውን ሰው ትበድላለች። ሰውየው ጫማውን ያመጣው መንገድ ያመጣው ሰው የጠራውን ዋጋ ለመቀበል አይደለምና። ብዙ ሕዝብ አይቶት፣ ከሁሉ አብልጦ የፈለገው እንዲወስደው ነው። ለዚህም ከሽያጩ ላይ ሲሶ ያህሉን ለሱቁ ሊተው ተስማምቷል። ሲሶ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይህ ምዕራፍ የሚመረምረው ያ ሲሶ ለምን እንደሚከፈል፣ ይህን ሁሉ እየወሰዱም አብዛኞቹ ሱቆች ለምን እንደከሰሩ ነው።

ኢቤይን ፒየር ኦሚድያር የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ በመስከረም 1995 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲጀምረው ስሙ ኦክሽን ዌብ ነበር። ለእጮኛው የከረሜላ ማስቀመጫ ስብስብ መለዋወጫ ብሎ ነው የጀመረው የሚለው ተወዳጅ ታሪክ፣ በኋላ እንደታመነው፣ ጋዜጠኞችን ለመሳብ የተፈጠረ ወሬ ነው። መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ሲሆን 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። የተሰበረ መሆኑን ገዢው እያወቀ ነው የገዛው። ለሺህ ሰው የማይረባ ነገር አንድ ፈላጊ ካገኘ ዋጋ እንዳለው መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚውል ሁሉ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ምናለሽ ተራ ላይ ግን ፈላጊው በእግሩ መምጣት አለበት። ኢቤይ ፈላጊውን ካለበት ጠራው።

በ2003 መጨረሻ በኢቤይ የተመዘገበው ሰው ከ90 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የሚገዛው ብዙ፣ የሚሸጠው ጥቂት ነው። በየቤቱ ጓዳና ጋራዥ ካሜራ፣ የጎልፍ ዱላ፣ ጊታር፣ የአያት የሸክላ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተለበሰ ካፖርት ተከማችቶ ሳለ፣ ባለቤቶቹ ዋጋ እንዳለው እያወቁ አንሥተው አይሸጡትም። ስንፍና አይደለም። መሸጥ ሥራ ስለሆነ ነው፤ ያልሠራው ሰው የማይገምተው ብዙ ሥራ።

አንድ ካሜራ እንውሰድ። በመጀመሪያ ምን እንደሆነ በትክክል መታወቅ አለበት፤ ሞዴሉ፣ የሌንሱ ዓይነት፣ የተሠራበት ዘመን። ቀጥሎ መሥራቱ ይፈተሻል። ከዚያ ተመሳሳዩ በቅርቡ ስንት እንደተሸጠ ይፈለጋል፤ ሻጮች የጠሩትን ዋጋ ሳይሆን ገዢዎች የከፈሉትን ማየት ነው ዋናው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጀማሪን ሁልጊዜ ያስታል። ካሜራው ተጠርጎ በነጭ ጀርባ ፎቶ ይነሣል፤ ጭረቱም ሳይደበቅ ይነሣል፤ የተደበቀ ጭረት ነገ ዕቃውን ከነክሱ ይመልሰዋልና። መግለጫው ይጻፋል፤ ርዕሱ ሰዎች ሲፈልጉ የሚተይቧቸውን ቃላት መያዝ አለበት። መነሻ ዋጋው ይወሰናል። ከ99 ሳንቲም ቢጀምር ተጫራች ይሰበስባል፣ ግን በ20 ዶላር ሊቀርም ይችላል፤ ከ200 ቢጀምር ማንም ላይነካው ይችላል። ሐራጁ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ቀን ይቆያል፤ ብዙ ሻጮችም ሰው ቤቱ በሚውልበት እሑድ ምሽት እንዲዘጋ ያደርጉታል። በእነዚያ ቀናት ጥያቄ ይመጣል፦ ቻርጀሩ አብሮ ነው? ወደ ካናዳ ትልካላችሁ? ሐራጁ ሲዘጋ ገንዘቡ ይጠበቃል፣ አንዳንዱ አሸናፊ ይጠፋል፣ ዕቃው እንዳይሰበር ተደርጎ ይታሸጋል፣ ይላካል፣ ደረሰ አልደረሰም ይባላል። ገዢው ካልተደሰተ ደግሞ ክርክሩ አለ።

ይህን ሁሉ በሌላ ሰው ስም የሚሠራ ባለሙያ ኢቤይ ራሱ ያበረታታ ነበር፤ «ትሬዲንግ አሲስታንት» ብሎ የሰየማቸው ነጋዴዎች ስም ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ ወጥቶ ነበር። አብዛኞቹ ከቤታቸው የሚሠሩ ነበሩ። በ2003 ግን ካፒታል ያላቸው ሰዎች ገቡበት። ራንዲ አዳምስ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ኦክሽንድሮፕን አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ኤሊስ ዌትዝል ፓሳዲና ውስጥ አይሶልድ ኢት የተባለውን ሱቅ ከፈተች። ኦክሽንድሮፕ በ2004 ዩፒኤስ ከተባለው የዕቃ ማድረሻ ድርጅት ሱቆች ጋር ተስማምቶ፣ ሰው በየሰፈሩ ባለ የፖስታ ሱቅ ዕቃውን ጥሎ እንዲሄድ አደረገ፤ ፎቶው፣ ጽሑፉና ሽያጩ በአንድ ማዕከል ይሠራል። አይሶልድ ኢት ደግሞ በፍራንቻይዝ ተስፋፋ፤ ስሙንና አሠራሩን እየሸጠ በጥቂት ዓመት ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ሱቅ ደረሰ። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ሱቅ ለቀልድ ሲመርጡት በየጎዳናው የሚታይ ነገር ሆኖ ነበር።

መንግሥትም አየው። የተሰረቀ ዕቃ መሸጫ እንዳይሆን የሰጋ ነበር፤ እንደ ኦሃዮና ሰሜን ዳኮታ ባሉ ግዛቶች ደግሞ የሰው ዕቃ በኢንተርኔት ሐራጅ የሚሸጥ ሰው፣ አዳራሽ ቆሞ እየጮኸ እንደሚያጫርተው ባለሙያ ፈቃድ ያውጣ አያውጣ የሚል ክርክር ተነሣ። መዶሻ ይዞ የማያውቅን ሰው የአጫራችነት ፈቃድ መጠየቅ ያስቃል፤ ሕግ አውጪዎቹ ግን ከእጃቸው ያለው ሕግ ያ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። በ2005 አንድ ዕቃ በ50 ዶላር ተሸጠ እንበል። ኢቤይ ከመጀመሪያው 25 ዶላር 5.25 በመቶ፣ ከቀሪው 2.75 በመቶ ይወስዳል፤ በድምሩ 2 ዶላር ገደማ። ክፍያውን የሚያስተላልፈው ፔይፓል 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም፤ 1 ዶላር ከ75። ለማስነገሪያ ጥቂት ሳንቲም ሲጨመር 4 ዶላር ይሆናል። ሱቁ 35 በመቶ ቢወስድ 17 ዶላር ከ50 ነው። ለባለ ዕቃው 28 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይቀረዋል። ባለ ዕቃው በዚህ ይናደዳል፤ 50 ዶላር ተሸጦ ግማሽ የሚሆን ገንዘብ የት ሄደ ይላል።

ሱቁም ግን አልተጠቀመም። ከላይ የዘረዘርኩት ሥራ ለአንድ ዕቃ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ፣ በዚያን ጊዜ የካሊፎርኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር፤ ካሜራን ከካሜራ ለይቶ የሚያውቅና መግለጫ መጻፍ የሚችል ሰው ደግሞ በዝቅተኛ ደመወዝ አይገኝም። ከተረፈው ላይ የሱቅ ኪራይ አለ፤ ሰው ዕቃ ተሸክሞ እንዲመጣ ቦታው መኪና ማቆሚያ ያለው፣ ዋና መንገድ ዳር መሆን ስላለበት ኪራዩ ውድ ነው። ፍራንቻይዝ ከሆነ ለእናት ድርጅቱ የሚከፈል ድርሻ አለ። ፎቶ ተነሥቶ፣ ተጽፎ፣ ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ አለ፤ የእሱ ኮሚሽን ዜሮ ነው፤ የፈጀው ሰዓት ግን ከተሸጠው አያንስም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ገቢው በመቶኛ ይመጣል፣ ወጪው ግን በዕቃ ቁጥር ነው። ባለ 50 ዶላሩና ባለ 1,000 ዶላሩ ካሜራ ለማንሣት፣ ለመግለጽ፣ ለማሸግ የሚፈጁት ጊዜ ያው ነው፤ የአንዱ ኮሚሽን 17 ዶላር፣ የሌላው 250 ወይም 300። ስለዚህ ሱቆቹ ወለል አበጁ፤ ከ30፣ ከ50 ወይም ከ75 ዶላር በታች የሚሸጥ ዕቃ አንቀበልም ይሉ ነበር። ይህ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሰው መኪናውን ሞልቶ ከሚያመጣው ዕቃ አብዛኛው ከወለሉ በታች ነው። ለዚያ ሰው «ይሄን ብቻ እንወስዳለን፣ ሌላውን መልሱት» ማለት ራሱ ጊዜና ትሕትና የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ያውም ክፍያ የሌለው። ሁሉም ሰው የራሱ ዕቃ ውድ ይመስለዋል። የእናቱ ሳህን የከበረበት ሰው 8 ዶላር ነው ሲሉት ሱቁን እንደ ሌባ ያየዋል።

ከኮሚሽኑ ውስጥ ምን ያህሉ የስም ዋጋ ነው? ይህን የሚያሳይ አንድ ጥሩ ሙከራ አለ። በ2006 የታተመው የፖል ሬዝኒክና የባልደረቦቹ ጥናት፣ በኢቤይ ላይ ብዙ መልካም አስተያየት ያካበተ አንድ የጥንት ፖስትካርድ ነጋዴ ተመሳሳይ ካርዶችን ግማሹን በታወቀ ስሙ፣ ግማሹን ደግሞ ማንም በማያውቃቸው አዳዲስ ስሞች እንዲሸጥ አደረገ። ገዢዎች ለታወቀው ስም 8.1 በመቶ አብልጠው ለመክፈል ፈቃደኞች ሆነው ተገኙ። የሱቁ ስም ለባለ ዕቃው የሚያስገኘውን ጥቅም በዚህ ብንገምተው፣ እምነት 8 ያህል፣ የተቀረው ከ20 በመቶ በላይ ድካም ነው ማለት ይቻላል። የፖስትካርድ ውጤት ለአልማዝ ቀለበት እንዳለ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ዕቃው ውድና በቀላሉ የሚመሳሰል በሆነ ቁጥር የእምነት ዋጋ ይጨምራል። ግን ለተራ ዕቃ ባለቤቱ የሚከፍለው በዋናነት ላለመድከም ነው።

ታዲያ ድካሙ ሲቀንስ ምን ይሆናል? በ2008 ሆነ። በዚያ ዓመት ሐምሌ አፕል የአፕ መደብሩን ሲከፍት ኢቤይ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፎቶ ማንሣቱም፣ መጻፉም፣ መለጠፉም በአንድ ስልክ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሆነ። በዚያው በ2008 ኢቤይ ከመጀመሪያው 25 ዶላር የሚወስደውን ከ5.25 ወደ 8.75 በመቶ ከፍ አደረገ፤ ሻጮችም በገዢ ላይ መጥፎ አስተያየት መስጠት ተከለከሉ፤ ሐራጅም እየቀዘቀዘ፣ በቁርጥ ዋጋ የሚሸጡ ትልልቅ ነጋዴዎች እየገነኑ መጡ። የኢኮኖሚ ቀውሱ ተጨመረበት። በየጎዳናው የተከፈቱት ሱቆች አንድ በአንድ ተዘጉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በኢቤይ ክፍያ ላይ ይላከካል፤ እኔ ግን በ2005ቱም ክፍያ ቢሆን ባለ 50 ዶላሩ ዕቃ አንድን ሱቅ ተሸክሞ አይዘልቅም ነበር ባይ ነኝ።

የተረፉት ሒሳቡን በተለያየ መንገድ የፈቱት ናቸው። አንደኛው መንገድ ውድ ዕቃ ብቻ መያዝ ነው። ጁሊ ዌይንራይት በ2011 የመሠረተችው ዘ ሪልሪል እንደ ታወቁ ዲዛይነሮች ቦርሳ፣ ሰዓትና ጌጣጌጥ ያለ ውድ ዕቃ ብቻ ይቀበላል፤ በ2019 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። እዚህ ኮሚሽኑ የሚከፈለው ለፎቶ አይደለም፤ ቦርሳው እውነተኛ ነው ብሎ ለሚመሰክር ባለሙያ ነው። ምስክርነቱ ግን አከራካሪ ነው፤ ሻኔል በ2018 ኒው ዮርክ ውስጥ ድርጅቱን ከስሶታል፤ ሐሰተኛ ቦርሳ ሸጠሃል፣ የእኔን ዕቃ እውነተኛነት ከእኔ በቀር ማንም ሊመሰክር አይችልም ብሎ።

ሁለተኛው መንገድ ርካሹን በብዛት፣ በፋብሪካ አሠራር ማስኬድ ነው። ስሬድአፕ በ2009 ሲጀምር ሰዎች ሸሚዝ የሚለዋወጡበት ነበር፤ በኋላ ባዶ ከረጢት ልኮ የተሞላ ከረጢት የሚቀበል፣ ልብሱን በትልልቅ መጋዘኖች በማሽን እያዞረ ፎቶ የሚያነሣ ሆነ። ሒሳቡ ከክፍያ ሠንጠረዡ ይታያል። አንድ ሰሞን ከ20 ዶላር በታች ለተሸጠ ልብስ ለባለቤቱ የሚሰጠው ከ3 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከ200 ዶላር በላይ ከሆነ ግን 80 በመቶ። ዘረፋ ይመስላል። ከላይ ያየነውን ያስታወሰ ግን አይደነቅም፤ በርካሽ ልብስ ዋጋ ውስጥ ከሥራው የሚተርፍ ምንም የለምና።

ሦስተኛው ለባለቤቱ ምንም አለመክፈል ነው። ጉድዊል የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የኦሬንጅ ካውንቲ ቅርንጫፍ በ1999 የራሱን የሐራጅ ድረ ገጽ ከፈተ፤ ሕዝብ በስጦታ ያመጣውን ዕቃ ይሸጥበታል። ዕቃው ነጻ ስለሆነ ሽያጩ ሁሉ ሥራውን ይሸከማል።

ኮሚሽን በጣም ሲከፋ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ከሰፈር ሱቅ ወደ ቤተ መንግሥት ዕቃ ሻጮች መውጣት ያስፈልጋል። ሶዝቢስ በ1744፣ ክሪስቲስ በ1766 ለንደን ውስጥ የተጀመሩ ናቸው፤ ሥራቸውም በመሠረቱ ያው የሰው ዕቃ ተቀብሎ በሐራጅ መሸጥ ነው። ሁለቱ ስለሚፎካከሩ ትልቅ ሥዕል ያለው ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ኮሚሽን ያስቀንስ ነበር። በ1990ዎቹ የሁለቱ ኃላፊዎች በምስጢር ተገናኝተው ከሻጮች የሚወስዱትን ኮሚሽን አንድ ዓይነት አደረጉት። በ2000 ነገሩ ወጣ፤ ሁለቱ ቤቶች ለደንበኞቻቸው 512 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ የሶዝቢስ ሊቀ መንበር የነበረው አልፍሬድ ታውብማንም በ2002 አንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስር ተፈረደበት። ክሪስቲስ ቀድሞ ስለተናዘዘ ድርጅቱ ራሱ አሜሪካ ውስጥ በወንጀል ሳይከሰስ ቀረ።

በእኛ አገር የደላላ ሥራ ከዚህ ይለያል። ደላላ ገዢና ሻጭን ያገናኛል፤ ዕቃው ከባለቤቱ ቤት አይወጣም፤ ውሉም በሁለቱ መካከል ነው። ዕቃውን ተረክቦ በራሱ ስም፣ ለሌላ ሰው ጥቅም የሚሸጠው ሌላ ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለእሱ ለብቻው ደንብ አውጥቷል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም ቻናል «ያገለገለ ሶፋ፣ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ» እያለ የሚለጥፈው አብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የቤት ዕቃውን ሊያራግፍ ሲቸኩል ግን ዕቃውን ጠቅልሎ የሚረከበው ሁለተኛው ዓይነት ይመጣል። ልዩነቱ የሚታወቀው ነገር ሲበላሽ ነው። ደላላው ቢጠፋ ሶፋው ቤትዎ አለ። የተረከበው ሰው ቢጠፋ ግን ሶፋውም ገንዘቡም አብረው ጠፉ።

አሜሪካም ሱቆቹ በተዘጉ ጊዜ ከሁሉ የተጎዳው ዕቃው ተሸጦ ገንዘቡ ገና ያልደረሰው ሰው ነበር። ያልተሸጠ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ የእኔ ነው ብሎ መውሰድ ይቻላል። የተሸጠው ግን ከሱቁ ገንዘብ ጋር በአንድ የባንክ ሒሳብ ተደባልቋል፤ ባለቤቱም ከአከራዩና ከባንኩ ኋላ ተሰልፎ የሚጠብቅ ገንዘብ ጠያቂ ሆነ።

ስለዚህ ዋሽንግተንም ሆኑ ቦሌ፣ ዕቃዎን ለሻጭ ሲሰጡ ስለ መቶኛው ብቻ አይከራከሩ። ኮሚሽኑ የሚሰላው ክፍያዎች ከመቀነሳቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ካልተሸጠ መመለሻው የማን ወጪ ነው? ዝቅተኛውን ዋጋ የሚወስነው ማን ነው? ከሁሉም በላይ ገንዘቡ ከተሸጠ በስንት ቀን ይከፈላል? የዕቃዎቹን ዝርዝር ከነፎቶው ያስቀሩ፤ መልሶቹንም በጽሑፍ ያስፈርሙ። አልፈርምም ካለ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ።